ስማቸውን ለሚያስገቡ ሁሉ የቀረበ ምስጋና

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የቡድን የቤት ሥራ፣ ማለትም ተማሪው «ግሩፕ አሳይመንት» የሚለው ነገር፣ ካፈራቸው ትሩፋቶች ሁሉ «ስሜን እንዳትረሱት» የምትለዋን አጭር መልእክት የሚስተካከል የለም። መልእክቷ ብዙውን ጊዜ በቴሌግራም የምትደርሰው ወረቀቱ ሊታተም አንድ ሌሊት ሲቀረው ነው፤ ላኪው የሥራውን ርእስ ባይጠይቅም የመታወቂያ ቁጥሩን አንድም አኃዝ ሳያጓድል መላኩ ኃላፊነት የሚሰማው ሰው መሆኑን ይመሰክራል።

እዚህ ደረጃ የተደረሰው በአንድ ጀንበር አይደለም። ፈረንሳዊው የግብርና መሐንዲስ ማክስ ሪንገልማን እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጥናት፣ 8 ሰዎች ገመድ በጋራ ሲስቡ የእያንዳንዳቸው ጉልበት ለብቻቸው ሲስቡ ከሚያወጡት ወደ ግማሽ ገደማ እንደሚወርድ አሳይቷል። ምስኪኑ ሪንገልማን ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ምክንያቱን በዋናነት በቅንጅት ማነስ አሳበበ። የእኛ ተማሪ ግን ቀሪውን ግማሽም ቆጥቦታል።

በዚህ ረገድ ገበሬው ክፉኛ ወደ ኋላ መቅረቱ ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። በደቦ አረም ሲታረም ሁሉም ጎን ለጎን ተሰልፎ ስለሚሄድ የዘገየው ከሩቅ ይለያል፤ በወንፈል ደግሞ የሰው ማሳ ላይ ያልተገኘ ሰው የእርሱ ተራ ሲደርስ ብቻውን ይቆማል። ማን ምን እንደሠራ እንዲህ በገሃድ እየታየ ሰው እንዴት ተረጋግቶ ሊያርፍ ይችላል? ዩኒቨርሲቲው ይህን ጭካኔ አስቀርቶ አምስቱንም የቡድን አባላት በአንድ የሽፋን ገጽ ይሰበስብና ለአምስቱም እኩል ውጤት ይሰጣል። (የ60 ተማሪ ክፍል በአምስት በአምስት ሲቧደን ለመምህሩ የሚቀረው 12 ወረቀት ብቻ መሆኑ ከዚህ ጋር ግንኙነት ያለው የሚመስለው ክፉ አሳቢ ብቻ ነው።)

ሥራውን ለሚሠራው ቀለሜ ማዘን አያስፈልግም፤ እውቀቱ የሚቀረው ለእርሱ ነው። የአራቱም ድርሻ ቢሆን እንደዋዛ የሚታይ አይደለም፤ አንዱ «በርታ» ይላል፣ ሌላው የፊደሉ መጠን እንዲያንስ አስተያየት ይሰጣል፣ ሦስተኛው ለኅትመቱ ገንዘብ ለማዋጣት ቃል ይገባል፣ አራተኛው የሦስተኛውን ሐሳብ ይደግፋል። ሥራው በሚቀርብበት ዕለት መምህሩ ጥያቄ ሲሰነዝር ደግሞ አራቱም በአንድ ቅጽበት ወደ ቀለሜው ዞር ይላሉ፤ ሪንገልማን የጎደለ የመሰለውን ቅንጅት በዚህች ቅጽበት ቢያይ ሐሳቡን ይቀይር ነበር።

አልፎ አልፎ ያልሠራን ሰው ስም ለማውጣት የሚደፍር ቀለሜ ይነሣል። ወዲያው ራስ ወዳድነቱ ይነገረዋል፣ አማላጅ ይላክበታል፣ የዶርም ጓደኞቹ ሳይቀሩ «ለአንድ ስም ብለህ ነው?» እያሉ ይወቅሱታል። ከዚያም የተፋቀው ስም ወደ ዝርዝሩ ይመለሳል፤ ዝርዝሩ በፊደል ተራ የሚጻፍ በመሆኑም አንዳንድ ጊዜ ከሁሉ በላይ ይሰፍራል።