ከሚሺጋኑ ሽንፈት በኋላ ያለውስ?
ስለ እ.ኤ.አ. የ2024ቱ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን በወጣው ጽሑፍ፣ ጸሐፊው ቡድኑን በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በተሸነፈበት የ13 ለ10 ጨዋታ ብቻ መመዘናቸው ቅር አሰኝቶኛል። ሽንፈቱ ያማል፤ ያውም በገዛ ሜዳ! እዚህ ኮለምበስ ያን ምሽት ከተማው ሁሉ ሐዘን የተቀመጠ ይመስል ነበር። አሰልጣኝ ራያን ዴይ ይሰናበት የሚለው ጩኸትም ጣሪያ ነካ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን እንዴት በአንድ መስመር ይታለፋል? በጥሎ ማለፉ ቴነሲን 42 ለ17፣ ኦሪገንን 41 ለ21 ረቱ። ከቴክሳስ ጋር 21 ለ14 እየመሩ ሳለ፣ ተጋጣሚዎቻቸው ጎል መስመሩ ላይ ሊደርሱ አንድ ያርድ ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ትንፋሼን ይዤ አየሁት። ካሏቸው አራት ሙከራዎች በሁለተኛው ሰባት ያርድ ወደ ኋላ ተገፉ። በአራተኛው የኛው ተከላካይ ጃክ ሶየር በአንድ ወቅት በኦሃዮ ስቴት አብሮት ይኖር የነበረውን የቴክሳሱን ኳስ አቀባይ ኩዊን ኢወርስን ደረሰበት፤ ኳሷን አስጣለው፣ ራሱ አንሥቶም 83 ያርድ እስከ መጨረሻው ሮጠ። እግሩ እየከዳው እንኳ አልቆመም። በጥር 2025 ኖተርዳምን 34 ለ23 አሸንፈው የአገሪቱን የኮሌጅ ዋንጫ ያነሡት እነዚሁ ልጆች ናቸው፤ አሥራ ሁለት ቡድኖች የተካፈሉበት የመጀመሪያው የጥሎ ማለፍ ውድድር ነበር። ጸሐፊው ለዚያች የሶየር ሩጫ ቢያንስ አንድ አንቀጽ ይስጧት።