እፍ ክንፍ በየወሩ

ስለ መራጭ ሲወራ ሁልጊዜ ወቀሳ ነው። አያነብም ይባላል። በስሜት ይነዳል ይባላል። ሰው አይለይም ይባላል። እኔ ግን ዛሬ ላመሰግን ነው የመጣሁት። ምስጋናዬ ለአሜሪካው ወግ አጥባቂ ሪፐብሊካን መራጭ ይድረስልኝ፤ በተለይ በ2011 እና በ2012 ኦባማን የሚጥል ዕጩ ፍለጋ ደፋ ቀና ሲል ለከረመው። (ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ ነው፣ ግራ እንዳንጋባ።) እንዲህ ያለ ጠንቃቃ፣ እንዲህ ያለ በቀላሉ የማይሸነገል ሕዝብ ኧረ የት ይገኛል?

ነገሩ የሚጀምረው ከሚት ሮምኒ ነው። ሮምኒ ምን ጎደላቸው? ገንዘቡ አላቸው፣ ድርጅቱ አላቸው፣ ነፋስ የማይደፍረው ፀጉር አላቸው። ችግራቸው ሥራ ሠርተው ማወቃቸው ነው። ሥራ የሠራ ሰው ደግሞ የፈረመው ወረቀት አይጠፋም። የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ ሳሉ በ2006 አንድ የጤና መድን ሕግ ፈረሙ። ኦባማ በ2010 የፈረሙት ሕግ ቁርጥ እሱን ሆኖ ቁጭ አለ። በቃ፣ ሰውየው አይታመኑም ተባለ።

እዚህ ላይ የመራጩን የማስታወስ ችሎታ ሳላደንቅ አላልፍም። በ2008 የፓርቲው ዕጩ የሆኑት ጆን ማኬይን ለዘብተኛ ናቸው ተብለው ሲጠሉ፣ «እውነተኛው ወግ አጥባቂ» ተብለው የተወደሱት እኚሁ ሮምኒ ነበሩ። የጤናው ሕግ ያኔም ተፈርሟል። የቀድሞው የፔንሲልቬኒያ ሴናተር ሪክ ሳንቶረም ራሳቸው ያን ጊዜ ለሮምኒ ድጋፋቸውን ሰጥተዋል። ከአራት ዓመት በኋላ ሳንቶረም የሮምኒን ወግ አጥባቂነት የሚጠራጠር ሕዝብ ሰብስበው ተነሡ። ሲፈልጉ ማስታወስ፣ ሲፈልጉ መርሳት ለሁሉም የሚሰጥ ጸጋ አይደለም።

ስለዚህ ሌላ ሰው ይፈለግ ተባለ። ፍለጋውም የተሟሟቀው አዮዋ ውስጥ፣ ኤምስ በምትባል ከተማ ነው።

ኦገስት 11፣ 2011 ስምንት ተወዳዳሪዎች መድረክ ላይ ተደረደሩ። ጠያቂው አንድ ነገር አቀረበ። መንግሥት 10 ዶላር ወጪ ቢቀንስላችሁና በምትኩ 1 ዶላር ግብር ቢጨምር፣ ይህን ስምምነት ረግጦ የሚወጣ ማነው? እጁን ያውጣ። አሥር ለአንድ ነው እንግዲህ። ግማሽ ለግማሽ አላለም፣ ሁለት ለአንድ አላለም። ስምንቱም እጃቸውን አወጡ። ሮምኒ አወጡ። የዩታው ጆን ሀንትስማን፣ የኦባማ አምባሳደር ሆነው ቤይጂንግ የከረሙት፣ እሳቸውም አወጡ። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። እኔም ቪዲዮውን ባየሁት ቁጥር አጨበጭባለሁ፤ እንዲህ ያለ ጽናት ነው እንጂ አገር የሚያቆመው!

ችግሩ ስምንት እጅ እኩል ከወጣ ማን ከማን ይለያል? መራጩ ወደ ቤቱ የገባው «ከነዚህ ውስጥ እውነተኛ ወግ አጥባቂ የለም» እያለ ነው። አይፈረድበትም።

ከሁለት ቀን በኋላ እዚያው ኤምስ የሙከራ ምርጫ ተደረገ። ድምፅ ለመስጠት 30 ዶላር ትኬት ይቆረጥ ነበር። ትኬቱን ግን ብዙውን ጊዜ ተወዳዳሪው ነበር የሚከፍልልህ። ድንኳን ይተከልልህ፣ ምግብ ይቀርብልህ፣ ዘፋኝ ይመጣልህ ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ አንዷ የሆኑት የሚኒሶታዋ የምክር ቤት አባል የሚሼል ባክማን ድንኳን አየር ማቀዝቀዣ ነበረው። በ4,823 ድምፅ አሸነፉ። የመንግሥት ድጎማ ሕዝብን ያሰንፋል የሚለው መራጭ፣ ተበልቶና ተጠጥቶ፣ በነጻ ትኬት ነጻነቱን አስመሰከረ። ሦስተኛ የወጡት ቲም ፓውለንቲ፣ ሚኒሶታን ሁለት ዘመን ያስተዳደሩት ሰው፣ በማግሥቱ ጓዛቸውን ጠቀለሉ።

የባክማን የጫጉላ ጊዜ ግን አንድ ቀን እንኳ አልሞላም። ያንኑ ዕለት የቴክሳሱ ሪክ ፔሪ ሳውዝ ካሮላይና ላይ ሆነው «እኔም አለሁበት» አሉ። መራጩ ዓይኑን አዞረ። ባክማን እስከ ጃንዋሪ ታገሉ፤ በዚያው በአዮዋ እውነተኛው ምርጫ ሲመጣ ስድስተኛ ወጡና ተሰናበቱ።

ፔሪን እንዴት እንደወደዷቸው! እፍ ክንፍ ነው የሚባለው ይሄ ነው። አገረ ገዥ፣ ቴክሳሳዊ፣ ቦት ጫማ ያላቸው፣ ምርጫ ተሸንፈው የማያውቁ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሮምኒን አልፈው መሪ ሆኑ። ከዚያ ክርክር መጣ። ክርክር ላይ ደግሞ ሰው ይናገራል። ያለ ወረቀት የገቡ ስደተኞች ልጆች በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ እንደ አገሩ ልጅ በቅናሽ እንዲከፍሉ መፍቀዳቸው ተነሣ። ይህን የሚቃወም ሰው ልብ ያለው አይመስለኝም አሉ። ወይ አለመተዋወቅ! መራጩ ዓይንህን ላፈር አላቸው።

ኖቬምበር 9 ደግሞ ሚሺጋን ውስጥ ያ ጉድ ሆነ። ስመረጥ ሦስት መሥሪያ ቤት እዘጋለሁ አሉ። ንግድ። ትምህርት። ሦስተኛው… ጣታቸውን ይዘው ቀሩ። ወደ ተፎካካሪያቸው ወደ ሮን ፖል ዞሩ። ሮን ፖል፣ እንግዲህ አማካሪ ተገኘ፣ አምስቱን ጣታቸውን ዘርግተው መዘጋት ያለበት አምስት ነው አሏቸው። ፔሪ ወረቀታቸውን አገላበጡ፣ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ በመጨረሻም «ኡፕስ» ብለው ተውት።

አገር ጉድ አለ። መራጩም ተቆጣ። የተቆጣው ግን ሰውየው የአንድ ሙሉ መሥሪያ ቤት በር ሊዘጉ በመነሣታቸው አይደለም። ስሙን በመርሳታቸው ነው። የተረሳው የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ከሥራዎቹ አንዱ የአገሪቱን የኑክሌር ጦር መሣሪያ ክምችት መንከባከብ ነው። ይዘጋ ሲባል ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀ ብዙ አልነበረም፤ ጨዋ ሰው በሰው ቤት ጉዳይ አይገባም። (በ2017 ዶናልድ ትራምፕ ያንን መሥሪያ ቤት እንዲመሩ የሾሙት ማንን መሰላችሁ? ፔሪን።)

ኸርማን ኬይን መጡ። የፒዛ ኩባንያ የመሩ ሰው ናቸው። የግብር ዕቅዳቸው ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ ነው፤ ሦስት ግብር፣ እያንዳንዱ 9 በመቶ። መጥፎ አልነበረም፤ ቢያንስ ለመርሳት አይመችም። ከዚያ የሴቶች ክስ ተከታተለ፣ እሳቸው ካዱ፣ ዲሴምበር ላይ አቆሙ።

የኒውት ጊንግሪች ፍቅር ግን ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። ጊንግሪች የቀድሞ አፈ ጉባዔ ናቸው። ሦስት ጊዜ አግብተዋል። ጃንዋሪ 19፣ 2012 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ክርክሩ ሲጀመር የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሁለተኛዋ ሚስታቸው ክስ ሆነ፤ ሌላ ሴት እንድታገሥ ጠይቆኛል ብለው ነበር። ጊንግሪች ውሸት ነው አሉ፤ ቀጥለውም ጠያቂውን ጋዜጠኛ አፈር ድሜ አበሉት። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ። የቤተሰብ ክብር ከሁሉ በላይ ነው የሚለው፣ ቤተ ክርስቲያን አዘውታሪው መራጭ፣ ከሁለት ቀን በኋላ በ12 ነጥብ ልዩነት አስመረጣቸው። ትዳር ክቡር ነው፤ ጋዜጠኛ መስደብ ግን ይበልጣል።

በዚያው ሰሞን ፍሎሪዳ ሄደው በሁለተኛው የሥልጣን ዘመኔ መጨረሻ ጨረቃ ላይ ቋሚ ሰፈር ይኖረናል አሉ። 13,000 አሜሪካውያን እዚያ ከሰፈሩም ክፍለ ግዛት እንሁን ብለው ማመልከት ይችላሉ የሚል ሐሳብ ነበራቸው። እኔ ጨረቃውን አልነቅፍም። የገረመኝ ቨርጂኒያ ናት። ሐበሻው በብዛት በሚኖርባት በቨርጂኒያ ጊንግሪች ራሳቸው ማክሊን ነበር ቤታቸው። እዚያ ለመወዳደር ያኔ 10,000 ፊርማ ያስፈልግ ነበር። የሚያበቃ ፊርማ አጥተው ከምርጫ ወረቀቱ ቀሩ። ፔሪም እንዲሁ። የቨርጂኒያ ሰው ወረቀቱን ሲያነሣ ያገኘው ሮምኒንና ሮን ፖልን ብቻ ነው። ከማክሊን እስከ አሌክሳንድሪያ በመኪና ስንት ደቂቃ ነው? ጨረቃስ?

የሳንቶረም ተራ የደረሰው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። የአዮዋን 99 ወረዳ አንድ በአንድ ዞረዋል። ያገኙት ዋጋም ያስቀናል፤ በምርጫው ሌሊት ሮምኒ በ8 ድምፅ አሸነፉ ተባለ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቆጠራው ሲጣራ ለካ ሳንቶረም በ34 ይበልጣሉ። እንኳን ደስ ያለዎት የሚል ሰው ሲመጣ ሁሉም ሌላ ቦታ ሄዷል።

ይህን ሁሉ ሲያዩ ከነበሩት መሐል የመራጩ ፍቅር ያልቀዘቀዘባቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው። የያኔው የኒው ጀርሲ አገረ ገዥ ክሪስ ክሪስቲ ናቸው። ባለ ገንዘቡም፣ ጸሐፊውም፣ መራጩም ይወዳደሩልን ብሎ ተማጸናቸው። ኦክቶበር 4 ላይ አልወዳደርም አሉ። እንደተወደዱ የቀሩት ስላልገቡበት ነው። ይህን ምስጢር ከፔሪ በፊት ማወቃቸው ብልህነታቸውን ያሳያል።

ከክሪስቲም በላይ ግን አንድ ሰው ነበሩ፤ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን። ሁሉም የሚለካው በሳቸው ነው። አንዱ ክርክር እንዲያውም ካሊፎርኒያ፣ በስማቸው በተሠራው ቤተ መጻሕፍት፣ በአውሮፕላናቸው ሥር ነው የተካሄደው። እኚህ ሰው የቀድሞ ዴሞክራት ናቸው። ፈትተው ያገቡ ናቸው። በ1967 የካሊፎርኒያን የፅንስ ማቋረጥ ሕግ ያላሉ ናቸው። በ1986 የፈረሙት ሕግ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ለሚሆኑ ወረቀት አልባ ስደተኞች ወረቀት ሰጥቷል። በ1982 ደግሞ ግብር ጨመሩ፤ ለእያንዳንዱ 1 ዶላር ግብር 3 ዶላር ወጪ ይቀነሳል ተብለው። አሥር አላሉም እንግዲህ፣ በሦስት ተስማሙ። ኤምስ መድረክ ላይ ዘጠነኛ ሆነው ቢቆሙ እጃቸውን የት ያደርጉት እንደነበር እንጃ። መራጩ ግን አዋቂ ነው፤ ሬገንን የሚያደንቃቸው ሳያስቸግራቸው ነው።

በመጨረሻ ያው ሮምኒ ሆኑ። ዓመት ሙሉ ሩብ ገደማ መራጭ ይዘው አንድ ቦታ ላይ ቆመው፣ ሌላው ሲወጣና ሲወርድ ሲያዩ ከረሙ። በፌብሩዋሪ የወግ አጥባቂዎች ጉባዔ ላይ በአገረ ገዥነቴ «የጠናብኝ ወግ አጥባቂ» ነበርኩ የሚመስል ነገር ተናገሩ፤ እንደ በሽታ። መራጩም እንደ መድኃኒት ዋጣቸው።

ኦገስት 30፣ 2012 ታምፓ ላይ ዕጩነታቸውን ሊቀበሉ ሲጠባበቁ ተዋናዩ ክሊንት ኢስትውድ ቀድመው ወጡ። አጠገባቸው ባዶ ወንበር አስቀምጠው ኦባማ ነው ብለው ያናግሩት ጀመር። አዳራሹ ፈነደቀ። እኔ ግን ወንበሩን እያየሁ፣ ያን ሁሉ ወር የት ነበርክ አልኩት። ግብር ጨምሮ አያውቅም። የጤና ሕግ አልፈረመም። አልፈታም፣ አላገባም። ክርክር ላይ አንድ ቃል አልተሳሳተም፣ የመሥሪያ ቤት ስም አልረሳም። አቋሙም አይወላውል፣ በአራት እግሩ የቆመ ነው። ያጠፋው ነገር ቢኖር ኦባማ ነው መባሉ ብቻ ነው።