እርማት፦ ካርቦሃይድሬት ሁሉ እኩል አያስርብም

ሰላም ወገኖች። እዚህ አስተያየት መስጫው ላይ «ዳቦም፣ ንፍሮም፣ ድንችም ያው ካርቦሃይድሬት ነው፤ ስኳር ሆኖ መልሶ ያስርባል፣ ሁሉንም ተዉ» የሚል ምክር ተደጋግሟል። በቅንነት እንደተጻፈ አልጠራጠርም፤ ግን ስህተት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 38 ምግቦችን እያንዳንዳቸውን በ240 ካሎሪ መጠን አብልተው ጥጋቡን ለ2 ሰዓት ለኩ። ነጭ ዳቦ 100 ተብሎ ሲያዝ ቅቅል ድንች 323፣ ክሯሳን (ቅቤ የበዛበት ተደራራቢ የዳቦ ዓይነት) 47 አገኙ። ሦስቱም እኮ ካርቦሃይድሬት ናቸው! ልዩነቱን የሚያመጣው ውሃው፣ አሰሩ፣ ፕሮቲኑና ቅባቱ ነው። የባቄላና የሽምብራ ንፍሮ አሰርም ፕሮቲንም ስላለው ቀስ ብሎ ይፈጫል።

ምክሩን ሰምታ ንፍሮ ያቆመች አንዲት ጎረቤቴ አሁን ረፋድ 4 ሰዓት ላይ እጇ ብስኩት ላይ ነው። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፤ የሚያጠግበው ተትቶ የሚያስጎመጀው ይገባል።

ደሴ ፒያሳ ጠዋት ሻይ በዳቦ የምትቀምሱ፣ ራሳችሁ አረጋግጡ፦ ለጥቂት ቀናት ቁርሳችሁን በዚያው ሰዓት ንፍሮ አድርጉትና ስንት ሰዓት ላይ እንደራባችሁ ጻፉ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ግን ቁርስ ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።