በገና ቀን «ሱቅህን ክፈት»

በ1647 የእንግሊዝ ፓርላማ ገናን ሻረ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፋሲካና ጰራቅሊጦስም አብረው ተሻሩ። ያኔ ጉልበቱ በፒዩሪታኖቹ፣ ማለትም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሌለ ሥርዓት ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ይውጣ በሚሉት ፕሮቴስታንቶች እጅ ነበር። እነሱ ደግሞ «ዲሴምበር 25 መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም፤ ያለው መብልና ስካር ነው» ባዮች ናቸው። በምትኩ ለአገልጋዮችና ለሙያ ተለማማጆች በየወሩ አንድ ማክሰኞ ዕረፍት ሰጡ።

ማክሰኞ! ማክሰኞ ቀን ድግስ ደግሶ ጎረቤት የሚጠራ ማን አለ? ዓመት በዓል እኮ ሥራ የሚቀርበት ቀን ብቻ አይደለም። ሁሉም ሰው አብሮ በሩን የሚዘጋበት፣ ማዕዱን የሚከፍትበት ቀን ነው።

የዚያን ዓመት ገና ዕለት በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ የምትገኘው የካንተርበሪ ከተማ ከንቲባ ገበያው እንዲካሄድ፣ ሱቆች እንዲከፈቱ አዘዘ። የከፈቱት አሥራ ሁለት ያህል ብቻ ነበሩ። ሕዝቡ «ዝጉ» አላቸው። እምቢ ሲሉ ዕቃቸው መንገድ ላይ ተበተነ። ሊገላግል የመጣው ከንቲባ ራሱ ተመትቶ ወደቀ። ከዚያ ኳስ ወጣ፤ የከተማው መንገድ ሜዳ ሆነ። ደጃፎች ላይ ክረምት የማያረግፈው፣ ቀይ ፍሬ ያለው የገና ቅጠላቸው ታየ።

እኛ ሩር ስንለጋ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንላለን። ካንተርበሪ ላይ ግን ጌቶቹ ተቆጡ። ወታደር ገባ። የከተማዋ በሮች ተቃጠሉ፤ ግንቧም በከፊል ፈረሰ።

ዱላውን አልደግፍም። ዕቃው የተበተነበት ባለሱቅ ታዞ ነው የከፈተው፤ ያሳዝነኛል። ጥፋቱ ግን የትእዛዙ ነው። መንግሥት በዓሉን ላያከብር ይችላል። የሰው ደጃፍ ቆሞ «ዛሬ ለአንተ ተራ ቀን ነው» ሲል ግን ያልተሰጠውን ሥልጣን ወሰደ።

በ1648 ግንቦት ተከሳሾቹ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ፣ ክሱን የሚመረምሩት የአገሬው ሰዎች «አንከስም» አሉ። ነገሩ ካንተርበሪ ወዳለችበት አውራጃ፣ ወደ ኬንት አመፅ አደገ። አመፁ የኬንት ከተማ በሆነችው ሜድስቶን ላይ ተሸነፈ፤ አዋጁም እስከ 1660 ቆየ።

ገናውስ? በ1656፣ በዚያው በገና ዕለት፣ ፓርላማው ተሰብስቦ ነበር። አንዱ እንደራሴ ጎረቤቶቹ ለበዓሉ ሲሰናዱ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ እንደነሱት አማረረ። ሌላው ደግሞ ከለንደን ግንብ ፓርላማው እስካለበት እስከ ዌስትሚኒስተር ድረስ አንድም ክፍት ሱቅ እንደማይታይ ተናገረ።