«ሳንቆም ደረስን»

ከዋሽንግተን ዴንቨር ለሠርግ ወይም ለለቅሶ በመኪና የሄደ ሐበሻ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያወራው ስላየው ነገር አይደለም፤ ስለፈጀበት ሰዓት ነው። «ሁለት ሆነን እየተቀያየርን፣ ለነዳጅ ብቻ እየቆምን፣ በሃያ ስድስት ሰዓት ገባን።» መንገዱ 1,670 ማይል ገደማ ነው። ኩራቱ ከየት እንደመጣ አይጠፋንም። አገር ቤት ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ሳይመሽ መግባት ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ምክንያቱም ጀንበር ከጠለቀች በኋላ መብራት የሌለው ጋሪ፣ አስፋልት ላይ የተኛ ከብት፣ ተበላሽቶ የቆመ ሲኖትራክ አለ። አሜሪካ ሲመጣ ምክንያቱ እዚያው ቀርቶ ጥድፊያው ብቻ አብሮ ተሻገረ። ለእረፍት ወደ አገር ቤት የሚመለሰው ደግሞ በተራው የአሜሪካን ሒሳብ ሸክፎ ይሄዳል።

ከዋሽንግተን ዳር ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ በአውራ ጎዳና 270 ሄዶ ፍሬድሪክ ላይ አውራ ጎዳና 70ን መያዝ ነው። ከዚያ በኋላ መጠየቅ አያስፈልግም። መንገዱን በአራት ቀን ቢከፍሉት በየቀኑ 400 ማይል ገደማ ይሆናል፤ ማደሪያዎቹም እንደታዘዙ ይገጥማሉ፦ ኮለምበስ፣ ሴንት ሉዊስ፣ ሳላይና፣ ዴንቨር። ፔንሲልቬንያና ካንሳስ ውስጥ ያሉት የክፍያ መንገዶች ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። ካሜራ ሰሌዳውን አንስቶ ሒሳቡን በፖስታ ይልካል፤ መኪናው የኪራይ ከሆነ አከራዩ የራሱን ክፍያ ይጨምርበታል። (ብሪዝውድ የሚባለው የፔንሲልቬንያ ከተማ ላይ ይህ ሁሉ አውራ ጎዳና እንደ መንደር መንገድ ቀይ መብራት ላይ ያቆማል። የተሳሳትን መስሎን መመለስ የለብንም።)

ሳይቆሙ የሚነዱት ሰዎች የሚያመልጣቸው ዋናው ነገር ካንሳስ ነው። «ሜዳ ነው፣ ምንም የለም» ይሉታል፤ በሌሊት ስለሚያልፉት። ከቶፒካ በስተምዕራብ ያለው ፍሊንት ሂልስ ከአፈሩ ሥር ባልጩት ስለሞላበት ማረሻ አልገባበትም፤ ስለዚህ የጥንቱ ረጅም ሣር ዛሬም አለ። አቢሊን ደግሞ አይዘንሃወር ያደገባት ከተማ ናት፤ በ1954 እ.ኤ.አ. ጃንሆይን ዋሽንግተን ላይ የተቀበሉት፣ በ1956ም ይህን የአውራ ጎዳና መረብ ያስጀመረውን ሕግ የፈረሙት ፕሬዚዳንት። ቤታቸውንና ሙዚየሙን ለማየት ከመንገዱ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። በሌሊት ግን ካንሳስ የእንቅልፍ አገር ነው። ተቀያሪው ጎን ወንበር ላይ ሆኖ በደንብ አይተኛም፤ ተራው ሲደርስ ሁለት የደከሙ ሰዎች ይሆናሉ። የተጠጣ ቡና እንቅልፍን ለማባረር ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ጠጥቶ ማረፊያ ቦታ ላይ ሃያ ደቂቃ መተኛት ከመስኮት መክፈትና ዘፈን ከመጨመር ይሻላል።

ኮሎራዶ ሲገባ ማደያው ላይ ርካሹ ቤንዚን 85 የሚል የኦክቴን ቁጥር (ሞተር ሳያንኳኳ የመቃጠል አቅሙ) ተለጥፎበታል። አብዛኛው መኪና ቢያንስ 87 ይፈልጋል፤ እዚያ 87 የመካከለኛው ዋጋ ነው። ጥቂት ሳንቲም ለመቆጠብ ሞተር ማስንኳኳት አያዋጣም።

ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚቀጥል ሰው አይዘንሃወር ዋሻን ያገኛል፤ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ከእንጦጦ ጫፍ ይበልጣል። አደጋው ሽቅቡ ላይ ሳይሆን ከዋሻው ወጥቶ ወደ ሲልቨርቶርን ያለው ቁልቁለት ላይ ነው፤ በየመቶ ሜትሩ እስከ 7 ሜትር ይወርዳል። እዚህ ላይ አሜሪካ ውስጥ መንዳት የተማረው ሁሉ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ማርሹ አውቶማቲክ ስለሆነ ቁልቁለትን በፍሬን ብቻ ይወርዳል። ፍሬን ያለማቋረጥ ሲረገጥ ሸራው ይግላል፤ ግለቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይተላለፋል። ዘይቱ ያረጀ ከሆነ ከአየር ውሃ ስለሚስብ ቶሎ ይፈላል፤ የፈላው አረፋ ሲሆን ፔዳሉ ስፖንጅ እንደመርገጥ ይሆንና ወለል ድረስ ይወርዳል። መድኃኒቱ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን ወደ L ወይም ወደ ዝቅተኛ ቁጥር ማውረድ፣ ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ ረግጦ መልቀቅ ነው። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ መቆም፤ የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ ማፍሰስ ግን ያሰነጥቀዋል።

ይህን የአገር ቤት ሾፌር ማንም አያስተምረውም፤ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ በሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ 1,400 ሜትር ስለሚወርድ ማርሽ ያልቀነሰ አይመለስም። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ። በረሃውን ወደ ደጀን ሲወጡ ችግሩ ይገለበጣል፦ ሙቀት አለ፣ ከፊት በዝግታ የሚጎተት ጭነት መኪና አለ፣ ሞተሩ ውሃ ያፈላል። ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ የመኪናውን ማሞቂያ መክፈት ከሞተሩ ላይ ግለት ይቀንሳል፤ የራዲያተሩን ክዳን ሳይቀዘቅዝ መክፈት ፊት ያቃጥላል። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በቦታ በቦታው እንደ ብርድ ልብስ ተጨማዷል። ድልድዩ ላይ ጠባቂ አለ፤ ካሜራ ከማውጣት በፊት መጠየቅ ነው።

ዲያስፖራው ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑን ያያል፤ ለመቶ ያካፍላል፤ አምስት ሰዓት ተኩል ይላል። ሒሳቡ ጫንጮ ላይ፣ የገበያ ቀን ሲሆን፣ ይፈርሳል። አገር ቤት መንገድ የሚለካው በብርሃን ነው፦ ጠዋት 12 ሰዓት የተነሳ ደብረ ሊባኖስ ጎራ ብሎ ገዳሙን፣ የፖርቱጋል ድልድይንና ጭላዳዎቹን አይቶ ደብረ ማርቆስ ቢያድር ጥሩ ሄደ ይባላል። የገዳሙን ማዞሪያ የሚያሳይ እንደ አሜሪካው ያለ ቡናማ የጎብኚ ምልክት መጠበቅ የለም፤ ጠይቆ ነው። የሰላሌ ቅቤ የሚገዛ በመልስ ጉዞ ይግዛ፤ ዓባይ በረሃ ውስጥ ይቀልጣል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት መንገዱ የሚዘጋበት ቀን አለ፤ ይህን ስልክ ላይ ያለው ካርታ አያውቅም፣ ዛሬ ጠዋት መናኸሪያ የገባ ሾፌር ግን ያውቃል።

የውጭ ባንክ ካርድ ይዞ ማደያ የሚቆምም አይቀዳም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ሒሳብ በቴሌብርና በመሳሰሉት ስለሚከፈል ከመነሳት በፊት አካውንቱን ከፍቶ ብር ማስገባት ያስፈልጋል። ሰልፉን ሸሽቶ በጀሪካን የሚገዛ ቤንዚን ውስጥ ነጭ ጋዝ ሊኖር ይችላል። ተቀያሪ ጎማው ነፋስ እንዳለውና ክሪኩ እንደሚሠራ ጎሚስታ ዘንድ አዲስ አበባ ላይ ማየት ነው፤ ደጀን ሲደርሱ ደግሞ ወርዶ እጅን ከእያንዳንዱ ጎማ ብረት ጥቂት ራቅ አድርጎ መሞከር። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ የዚያ ጎማ ፍሬን ይዞ አልለቀቀም ማለት ነውና መካኒክ ሳያየው አይቀጠልም።