ቢራው ከእርሻው ላይ ከሆነ ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ

«ቢራ የሚጠመቅበት ቦታ ልጅ ይዞ መሄድ ምን የሚሉት ነገር ነው?» ይሉኛል ወዳጆቼ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ልጆቼን ከመውሰዴ በፊት ብዙ አስቤበታለሁ። ሄጄ ካየሁ በኋላ ግን መልሴ ቁርጥ ያለ ነው። ቦታው እውነተኛ እርሻ ከሆነ ሂዱ፤ ካልሆነ ይቅርባችሁ።

የእርሻ ቢራ ጠመቃ የምለው፣ ገበሬው ገብሱን ወይም ለቢራው ምሬትና ሽታ የሚሰጠውን ሆፕ የሚባል ተክል ራሱ አምርቶ፣ እዚያው ጠምቆ፣ እዚያው ለእንግዳ የሚያቀርብበትን ቦታ ነው። ነገሩ የቆየ ነው። በቤልጅየም የዋሎኒያ ገበሬዎች በብርዱ ወራት ጠምቀው ያስቀምጡና ሙቀቱ ሲመጣ ለእርሻ ሠራተኞቻቸው ያጠጡ ነበር፤ ዛሬ ሴዞን የሚባለው የቢራ ዓይነት የመጣው ከዚያ ነው። የኖርዌይ ገበሬዎች ደግሞ ክቫይክ የሚሉትን እርሾ ከእንጨት በተሠራ ቀለበት ላይ አድርቀው ለሚቀጥለው ጠመቃ ያቆዩት ነበር። እርሾው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቤት ንብረት ነበር።

«እርሻ» የሚለው ስም ዝም ብሎ እንዳይለጠፍ ሕግ ያወጡም አሉ። የአሜሪካዋ ኒውዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው ሕግ፣ የእርሻ ጠመቃ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ 20 በመቶውን ሆፕና 20 በመቶውን ሌላ ግብዓት እዚያው ግዛት ውስጥ ከበቀለ ምርት እንዲያመጣ አስገደደች። ከ2019 ጀምሮ ድርሻው ወደ 60 በመቶ ከፍ አለ። እኔ ይሄ ትክክል ነው እላለሁ። ስሙን የሚሰጠው ማሳው ነው።

ለልጆችም ዋናው ነገር ማሳው ነው። እኛ በሄድንበት ቦታ ሆፑ በረጅም እንጨትና ገመድ ላይ ተጠምጥሞ ከአምስት ሜትር በላይ ወጥቷል። ገበሬው አንዱን አበባ ቀጠፈና ለልጄ ሰጣት። «ሰንጥቀሽ እይው፣ የኔ ልጅ» አላት። በጥፍሯ ከፈለችው። ቅጠል በቅጠል ላይ የተደረበ ትንሽ አረንጓዴ ነገር ነው፤ ከሥሩ ቢጫ ዱቄት ጣቷ ላይ ተጣበቀ። አሸተተችው። ሎሚ ሎሚ፣ ትንሽ ደግሞ የተቆረጠ ሣር ይሸታል። የቢራው ምሬትና ሽታ የሚመጣው ከዚያች ቢጫ ዱቄት ነው። መኪና ውስጥ ስንመለስ እንኳ ጣቷን ታሸት ነበር።

ቀጥሎ ብቅል አስቀመሱን። ልጆቹ ጥሬ ገብስና ብቅል እያፈራረቁ አኘኩ፤ ብቅሉ እንደሚጣፍጥ ማንም ሳይነግራቸው አወቁ። ለምን? ገብሱ ረጥቦ ሲበቅል ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይሩ ነገሮች ውስጡ ይፈጠራሉ፤ በሙቅ ውኃ ሲዘፈዘፍ ሥራቸውን ይሠራሉ። እርሾው ኋላ የሚበላው ያንን ስኳር ነው። ይሄን መጽሐፍ ላይ ስንት ጊዜ አንብበው ሊረሱት ይችሉ ነበር። ከተጣራ በኋላ የቀረው አተላ በጎማ ጋሪ ተጭኖ ገና እየጨሰ ወደ ከብቶቹ ሄደ፤ ልጆቹም ከኋላው። ጥጃዎቹ ሽታውን ያውቁታል መሰለኝ፣ ጋሪው ሳይደርስ አጥሩ ላይ ተሰብስበው ነበር።

አሁን ደግሞ ያናደደኝን ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት «ለቤተሰብ የሚሆን» ተብሎ ወደተነገረን ሌላ ቦታ ሄደን ነበር። መኪና ማቆሚያው ጥግ አንድ የፕላስቲክ መንሸራተቻ አለ። በቃ። ገብስ የለ፣ ከብት የለ። ልጆቹ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰለቻቸው፣ ስልክ ላይ ተደፉ፤ ትልልቆቹ ደግሞ ሌላ የሚያዩት ስለሌለ ብርጭቆ መደጋገም ያዙ። እዚያ ልጅ መውሰድ መጠጥ ቤት ከመውሰድ በምን ይለያል? ወዳጆቼ የሚፈሩት ይሄንን ከሆነ ልክ ናቸው።

ጥሩው ቦታም ቢሆን አደጋ አለው፣ አንደባብቀው። ቢራው እርሾ ገብቶበት ሲብላላ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ስለዚህ ዝቅ ብሎ ይተኛል፣ ማለትም ልጅ በሚተነፍስበት ከፍታ። የሚፈላ ውኃ አለ፣ ጋኖቹ የሚታጠቡበት ኃይለኛ ኬሚካል አለ። ገበሬው የመጥመቂያውን ክፍል በመስታወት በኩል ብቻ ሲያሳየን አንዳንድ እንግዶች ቅር አላቸው። እኔ ግን ያመንኩት ያኔ ነው። ውሻ ይዛችሁ የምትሄዱ ካላችሁም እወቁት፣ ሆፕ ለውሻ መርዝ ነው።

ሌላው የመኪናው ነገር ነው። ገጠር ነው፤ ሲመሽ ታክሲ አይገኝም። ማን እንደሚነዳ ከቤት ሳትወጡ ተነጋገሩ፤ የሚነዳው ሰው አንድም አይቅመስ። «አንድ ምን ታደርጋለች» የሚባል ነገር የለም። ልጆቹ ከኋላ ወንበር ላይ ናቸው።

የሚቻላችሁ ከሆነ ሆፕ በሚለቀምበት ሰሞን ሂዱ፤ በሰሜኑ የምድር ክፍል ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ነው። ጠዋት ብትሄዱ ደግሞ ይሻላል፤ አተላው የሚወጣው፣ ከብቱ የሚበላው ብዙውን ጊዜ ሰው ለመጠጣት ከመሰብሰቡ በፊት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉና አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ገብሱና ሆፑ ከየት ነው የሚመጣው?» ስለ ጠረጴዛና ስለ ሙዚቃ ማውራት ከጀመሩ ስልኩን ዝጉት። «ስትመጡ ማሳው ውስጥ እንዞራለን፣ ለልጆቹ ቦቲ ጫማ አድርጉላቸው» ካሏችሁ ግን ቀን ቁረጡ።