እርማት፦ ጃቫ ሞስ አሸዋ ውስጥ አይቀበርም

ሰላም ወዳጆቼ። እዚህ ባሕር ዳር ቤታቸው አኳሪየም (የዓሣ ገንዳ) ያላቸው ሰዎች፣ ገንዳ ውስጥ ስለሚያድገው ጃቫ ሞስ ስለሚባል ትንሽ አረንጓዴ ተክል ሰሞኑን አንድ ምክር እየተቀባበሉ ነው፦ «ጃቫ ሞስ ሥሩ እንዲይዝ አሸዋ ውስጥ ቅበሩት።» በቅን ልብ የተሰጠ ምክር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ልክ አይደለም።

ሞስ እውነተኛ ሥር የለውም። ግንዱ ላይ የምናያቸው ቡናማ ቀጫጭን ክሮች ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ መያዣ ብቻ ናቸው። ምግቡን ከውሃው የሚወስደው በዋናነት በቅጠሎቹ ነው። ጣና ዳር ጭቃ ውስጥ ሥሩን ሰዶ ከሚቆመው ደንገል ጋር አታመሳስሉት። ሲቀበር ብርሃን ያጣል፤ ውሃም እንደ ልብ አያገኘውም። ይጠቁራል፣ ይበሰብሳል። ብስባሹ ደግሞ አሞኒያ ይለቃል፤ ትንሽ ገንዳ ውስጥ ይህ ለዓሦቹ አደጋ ነው።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ትንሽ ሞስ ለሁለት ክፈሉ። ግማሹን ቅበሩ። ግማሹን በደንብ የታጠበ ድንጋይ ላይ ሳሳ አድርጋችሁ ዘርጉና በጥጥ ክር ጠምጥሙት። «ሳሳ» የምትለዋን አደራ! ከወፈረ ከታች ያለው ብርሃን አያገኝም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የተቀበረውን አውጥታችሁ ቀለሙን እዩ፣ አሽትቱትም። ድንጋዩ ላይ ያለው ጫፍ ጫፉ ላይ ለጋ አረንጓዴ ያወጣል። ዝግ ብሎ ስለሚያድግ ታገሱት።

የቀበራችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ አውጡት። የጠቆረውን በመቀስ ቁረጡ፤ አረንጓዴውን አለቅልቃችሁ ድንጋይ ላይ እሰሩት። ትንሽ ቁራጭ ብትቀር እንኳ እንደገና ታድጋለች።